ስልኩ ምንም የለበትም

ባሕር ዳር፣ የካቲት ፮ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ይድረስ ለእናቴ ልጅ፣ ለወንድሜ።

«አባ» ብዬ ልጀምር ብዬ ሁለት ወረቀት ቀደድሁ። መነኵሴን አንተ ማለት ነውር መሆኑ አልጠፋኝም። ግን በአንቱታ ከጻፍሁልህ ልነግርህ ያሰብሁትን ግማሹን እንደምውጠው ራሴን አውቃለሁና እንደ ድሮው አንተ ብዬሃለሁ፤ ይቅር በለኝ።

ለመሆኑ እንዴት ሰንብተሃል? ያ ክረምት በመጣ ቁጥር የሚነሣብህ ሳል ተወህ ወይስ የደሴቱ ብርድ አበረታው? ዲያቆን ኪዳነ ወልድ በየወሩ እህሉንና ሻማውን አድርሶላችሁ ሲመለስ «ደኅና ናቸው» ይለኛል፤ ከዚያ በላይ በጉጠት ቢስቡት አንድ ቃል አይወጣውም። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ይህን «ደኅና ነን» የጻፍሁት የደብዳቤ ወግ ስለሆነ ነው፤ ዝቅ ስትል እውነቱን ታገኘዋለህ።

አስቀድሜ ኀጢአቴን ልናገር። ይህን የምጽፍልህ ግዝት አፍርሼ ነው። አባታችን ለአንተ አንዲት ቃል እንዳልተነፍስ በጊዮርጊስ ስም ገዝተውኛል። አንተ ካህን ነህና ቀኖናዬን ራስህ ስጠኝ። የፈለግኸውን ያህል ስገጂ በለኝ፤ ጉልበቴ ገና ነው።

ነገሩ የስልክ ነገር ነው። አትሳቅ።

አባታችን ስልክ ጠይቀውኝ አያውቁም። የጠየቁኝ የአንተን ፊት ነው። ከሄድህ ጀምሮ ስምንት ዓመት ሙሉ ለእግዚአብሔር የሰጠሁትን መልሼ አልጠይቅም ብለው ስምህን አንሥተው አያውቁም ነበር፤ እናታችን ስታርፍ እንኳ ላኪበት አላሉኝም። መስከረም ላይ ግን አንድ ቀን ቁርስ ቀርቦ ሳለ፣ የዚያ ልጅ ፊት አሁን ምን ይመስል ይሆን አሉኝ። ጉርሻው እጄ ላይ ቀረ። በወሩ ያን በጣት የሚነካውን ዓይነት አዲስ ስልክ ገዛሁና ለኪዳነ ወልድ አስያዝሁት። እሱም ወደቡ ላይ አንተን ፎቶ አንሥቶ አመጣልኝ። ታስታውሰዋለህ፤ እጅህን ደረትህ ላይ አድርገህ፣ ከኋላህ የተገለበጠ ታንኳ አለ። ጥርት ያለ ፎቶ ነው። ሽበት አውጥተሃል፤ በሦስት ዓመት እኮ ነው የምበልጥህ!

ስልኩን ሰጠኋቸው። አቀረቡት፣ አራቁት፣ ወደ መስኮቱ አዞሩት። ከዚያ መልሰው ሰጡኝና መብራቱ ደካማ ነው፣ ጨልሟል፣ አሠሪው አሉኝ። እኔም አመንሁ። ከአርባ የቅኔ ተማሪ መካከል የአንዱን ስሕተት ጀርባቸውን ሰጥተው የሚይዙ ሰው ጨለመ ካሉ ጨልሟል ማለት ነው።

መጀመሪያ ራሴ ሞከርሁት። ያችን የፀሐይ ምልክት ያለባትን መስመር እስከ ጫፍ ገፋኋት። ጨለማ ነው አሉ። ፋሲሎ ወዳለ አንድ ጥገና ቤት ወሰድሁት። ምናሴ የሚባል ፀጉሩ የሸሸ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው የሚሠራው፤ ዕድሜው ከእኔ ሳያንስ ገና ስገባ «እትዬ» ብሎኝ ያን ጊዜውኑ ተቀየምሁት። ስልኩ የክፍሉን ብርሃን ይለካል፣ ክፍሉ ሲደበዝዝ ስክሪኑንም ያደበዝዘዋል አለና ያን አጠፋልኝ። ባትሪ ቆጣቢውንም አጠፋው። ቤት ወሰድሁት፤ ጨለማ ነው። ተመለስሁ። መስታወቱ ላይ የተለጠፈው ላስቲክ ይሆናል ብሎ ላጠው። ጨለማ ነው። ተመለስሁ። ውስጡ ያለውን ሁሉ ደምስሶ እንደ አዲስ አስነሣው። ፎቶህን ግን አስቀድሞ ኮምፒውተሩ ላይ ገልብጦ አትርፎልኝ ነበር፤ ለዚህ ብቻ እንኳ ልመርቀው ይገባኝ ነበር። ጨለማ ነው።

በአራተኛው ጊዜ ምናሴ ስልኩን ደጅ ፀሐይ ላይ አውጥቶ አሳየኝና፣ እትዬ ስልኩ ምንም የለበትም፣ ለመሆኑ የጨለመው ለማን ነው አለኝ። ያን ጥያቄ ያን ቀን መልሼለት ቢሆን ኖሮ! እኔ ግን ሰው እስኪሰበሰብ ጮህሁበት። አታላይ፣ ሙያ የሌለው፣ ያላልሁት የለም። የሸጠልኝንም ሱቅ ደጁ ቆሜ አዋረድሁት፤ አፌን ፈርቶ፣ ፎቶህንም አዛውሮ፣ በሌላ ስልክ ቀየረልኝ። ምላሴን አንተም ታውቀዋለህ፣ የመሥሪያ ቤቴ ሰዎችም መዝገብ ቤት ብቻዬን ያስቀመጡኝ በእሱ ምክንያት ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባል የለ? አሁን ሳስበው ልቤ አንድ ነገር አውቆ ኖሯል።

ሁለተኛውን ስልክ እንደ አሸናፊ ይዤ ገባሁ። ጨለማ ነው አሉ።

እንዲህ ስንል ጥቅምት አለፈ፣ ኅዳር አለፈ፣ ታኅሣሥ አለፈ። ምልክቱማ ሞልቶ ነበር። የማታውን ጸሎት ተዉ፤ ብርዱ ነው አሉ። የበሩን መቃን በትከሻቸው መትተው፣ ይህን በር ማን አጠበበው ብለው አሳቁኝ። ዳዊታቸውን ዘርግተው ሲደግሙ ቅጠሉን በጊዜው ይገልጡታል፣ እኔም ያነባሉ እላለሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያዜሙ ሰዉ ሁሉ ተመስጦ ነው ይል ነበር። ሌላ ቤት ቢሆን ሰውዬው ጋዜጣ ማንበብ አቃተው ተብሎ በሳምንቱ ይታወቃል። የእኛ ቤት ግን የሚነበበው ሁሉ በቃል የተያዘ ነው። ቅጠል የሚገልጡት ለእጃቸው ልማድ መሆኑን እኔ የመሪጌታ ልጅ አላወቅሁም።

በቃና ዘገሊላ ዕለት ከቀትር በኋላ ከዚያ ሱቅ ጋር ደግሜ ልጣላ ነጠላዬን ሳጣፋ አባታችን ጠሩኝ። ስልኩን አምጪው አሉ። ፎቶህን ከፍቼ ሰጠኋቸውና አጠገባቸው ተቀመጥሁ። ዝም ብለው ያዙት። ቆይተው፣ በራ አሉ። አንቺ ልጅ ከሰው አትጣዪ፣ ይኸው በርቷል፤ ልጄ ትንሽ ከስቷል እንጂ አልተለወጠም፣ ጢሙ እንኳ ገና በቅጡ አልሞላም፣ አንገቱን እንደ እናቱ ዘንበል አድርጎ፣ እያሉ መስታወቱን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። ስልክ ካልነኩት በግማሽ ደቂቃ ራሱን ያጠፋል። ጠፍቶ ነበር። ያን ሁሉ የነገሩኝ ጥቁር መስታወት ይዘው ነው።

እሰይ፣ ደስ አለኝ አልኋቸው። ሌላ ምን እላለሁ? ጓሮ ሄጄ አፌን በነጠላዬ ይዤ አለቀስሁ። እናታችን ስትሞት እንኳ እንዲያ አላለቀስሁም።

በማግስቱ ለስልኩ ዋስትና የእርስዎ ፊርማ ያስፈልጋል ብዬ ዋሽቼ ባጃጅ ላይ አሳፈርኋቸውና ዓይን ክሊኒክ ወሰድኋቸው። የካርድ ክፍሏ «አቶ ሕዝቅኤል» ብላ ሦስት ጊዜ ብትጠራ አልተነሡም፤ መሪጌታ እስክትላቸው ሌላ ሰው የተጠራ መስሏቸው። ከዚያ በኋላ ግን የሚያስቅ ነገር የለም። ሐኪሟ ግላኮማ ነው አለች፤ በዓይን ውስጥ የሚጠራቀም ግፊት ነው። ቀኝ ዓይናቸው ፈጽሞ ሄዷል። ግራው በሸምበቆ ቀዳዳ የማየት ያህል ቀርቶታል፣ እሱም ጭጋግ ገብቶበታል። በቀትር ብርሃን፣ ከፊት ለፊት፣ በክንድ ርቀት የቆመ ሰው ገና ይለያሉ አለችኝ። የሄደው አይመለስም፤ ጠብታው የቀረውን ለማቆየት ነው፣ እስከ መቼ እንደሚያቆየው ግን አታውቅም። በጥቅምት አምጥቻቸው ቢሆንስ ብዬ ጠየቅኋት። ወረቀቷን አገላበጠችና ጠብታውን በቀን ስንት ጊዜ እንደምጨምርላቸው ነገረችኝ።

ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ተቈጣኋቸው። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም እያሉ እኛን ያሳደጉ እርስዎ፣ እንዴት ይሸሽጉኛል አልሁ። አልሸሸግሁሽም ልጄ፣ አንቺ ያን ስልክ ይዘሽ ወጥተሽ በገባሽ ቁጥር እኔም ዛሬስ ይበራል እያልሁ እጠብቅ ነበር አሉኝ። ወንድሜ፣ እኔን የገደለኝ ይህ ነው። ሦስት ወር ሙሉ እኔና እሳቸው አንድ ላይ የስልኩን መሠራት ስንጠብቅ ዓይናቸው ሄደ።

ግዝቱን የገዘቱኝ ያኔ ነው። የእኔ መምህር ዕውር ነበሩ፣ የእሳቸውም መምህር እንዲሁ፣ ለቅኔ ዓይን ምን ያደርጋል አሉ። ያ ልጅ ዓለምን ትቶ ሄዷል፣ በእኔ ዓይን የተነሣ ወደ ኋላ አይመለከትም፣ ብትነግሪው ጊዮርጊስ ይፋረድሽ አሉ። ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዙረው ነበር። ሐይቁን እንደማያዩት አሁን አውቃለሁ።

ምናሴ ዘንድ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። የጨለመው ለአባቴ ነው አልሁት። ስልኩን ከእጄ ተቀብሎ ስክሪኑ ሳይነኩት እንዳይጠፋ አድርጎ መለሰልኝ። ፎቶህ አሁን ከራስጌያቸው እንደበራ ይውላል። ፊትህ ግን እዚያ ላይ የጥፍር ያህል ነው፤ አያዩትም። የሚያዩት እውነተኛውን ፊትህን ነው፣ እሱንም ዛሬ ነገ ሳይባል ነው።

ሐኪሟ ሌላም ነገር ተናግራለች፣ ይህንን ልብ ብለህ አንብብ። በሽታው በዘር ይወርዳል። አያምም፣ አያቃጥልም፤ ሰውዬው ሳያውቅ ከዳር ከዳር እየበላ ይገባል። ልጆቻቸው ሁሉ ይመርመሩ ብላ ያንኑ ቀን እኔንም አስቀምጣ አገጬን ከመሣሪያው ላይ አሳረፈችኝ። አባታችን ያን ጊዜ ውጭ ወንበር ላይ ዳዊት ይደግሙ ነበር። ሁለት ጠርሙስ ጠብታ ይዘን ወጣን። ሁለተኛው የመጀመሪያው ሲያልቅ የሚከፈት መጠባበቂያ ይመስላቸዋል፤ እኔም አይደለም አላልኋቸውም። እናም አንተ በሻማ የምታነብ ሰው፣ ቀለሙ ደበዘዘ፣ ሻማው ደከመ እያልህ ከሆነ እባክህ ሻማውን አትውቀስ። ሐኪሟ ለአንተ የጻፈችውን ወረቀት ከዚህ ጋር አጥፌዋለሁ፤ ለአበምኔቱ አሳያቸው።

ና ብዬ ልጽፍልህ ነበር። ግን ከበኣትህ መውጣት ለአንተ ምን ያህል እንደሚከብድ ስለማላውቅ አልደፍርም። እኛ እንመጣለን። የካቲት ፲፭ ቅዳሜ፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በኪዳነ ወልድ ጀልባ ቀትር ላይ እንደርሳለን። አባታችንን ገዳሙን ለመሳለም ነው ብዬ እወስዳቸዋለሁ። እንደማያምኑኝ አውቃለሁ፤ እንደሚመጡም አውቃለሁ፣ ነጩን ጋቢያቸውን እጠቢልኝ ብለውኛልና። ወደቡ ድረስ ውረድ። እጃቸውን ይዘህ ከጀልባው አውርዳቸውና ፀሐዩ ፊትህ ላይ እንዲያርፍ አድርገህ ከፊታቸው ቁም። ቆብህን ትንሽ ከግንባርህ ከፍ አድርገው። እስኪበቃቸው ይዩህ፣ ሽበትህንም ይዩት።

እኔ ሴት ነኝና ደሴቱን አልረግጥም፤ ሥርዓቱን አውቃለሁ፣ ጀልባው ውስጥ እቀመጣለሁ። ለእኔ ብላችሁ አትቸኩሉ። አንተ ብቻ ከመለያየታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ወደ ጀልባው ዘወር በልልኝና ጥቂት ቁም። እኔም ዓይኔ ሳለ በደንብ ልይህ።

የቆምህበትን ያጽናልህ፣ ሳልህን ያርቅልህ፣ ዓይንህን ለመጽሐፉ ያቆይልህ። ስለ ግዝቱ ግን አደራህን አትርሳ፣ ሳልፈታ አልቅር። በጸሎትህ ሁለታችንንም አስበን።

ታላቅ እህትህ