የአዲስ ቡድኖች ወዳጅ የአቶ እዝራ ወልደገብርኤል የሕይወት ታሪክ

አቶ እዝራ ከአባታቸው ከአቶ ወልደገብርኤል ተክሉና ከእናታቸው ከወ/ሮ ፋናዬ በጥቅምት ወር 1951 ዓ.ም. በይርጋለም ከተማ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እዚያው ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገብተው እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተምረዋል። በሂሳብ ክፍሉን ይመሩ ነበር ይባላል፤ ይባላል የተባለው የነገሩን እሳቸው ራሳቸው ስለሆኑ ነው።

በስደት ናይሮቢ ሳሉ ከአቶ ሙሉነህ ጋር ተዋወቁ። አንድ ፍራሽ ተጋሩ፤ አንዱ ሲታመም ሌላው አስታመመ። እ.ኤ.አ. በ1990 ቶሮንቶ ሲገቡም ጄን ኤንድ ፊንች በሚባለው ሰፈር አንድ አፓርትመንት ይዘው አብረው ኖሩ። አቶ እዝራ በ1994 ከወ/ሮ እንቁ ጋር ጋብቻቸውን ፈጽመው በከተማዋ ምሥራቅ ወዳለችው ስካርቦሮ ገቡ፤ ፌበንንና ያፌትንም አፈሩ።

የሥራ ዘመናቸውን ያሳለፉት በአንድ የበረዶ ሆኪ መጫወቻ አዳራሽ ነው፤ መጀመሪያ በጽዳት፣ በኋላ በጨዋታ እረፍት ላይ በረዶውን የሚያለሰልሰውን መኪና በመንዳት። ከተማው ሁሉ ለቶሮንቶ ቡድን ሲጮኽ እሳቸው የሚደግፉት የሆኪውን ሊግ አዲስ የተቀላቀለውን ቡድን ነበር። «አዲስ መጪ ማን አለው?» ይላሉ። በ1991 ሳን ሆዜን፣ በ1992 ኦታዋንና ታምፓን፣ ኋላም ናሽቪልን ደገፉ። ቡድኖቹም በጅማሬያቸው በየተራ ይሸነፉላቸው ነበር። ቤታቸው የገባ እንግዳ ወጡ ሳይቀርብለት በፊት፣ በ1967 የሊጉ ስድስት ቡድኖች እንዴት አሥራ ሁለት እንደሆኑ መስማት ግድ ነው። «ቶሮንቶ ለመጨረሻ ጊዜ ዋንጫ የበላችውም ያን ዓመት ነው። እንግዳ ከመጣ ወዲህ ባለቤቱ አልቀመሰም!» ብለው ራሳቸው ይስቃሉ። የማይስቅ እንግዳ ወጡ ይዘገይበታል።

ከሁሉ የሚያደንቁት ግን ምርጫውን ነበር። አዲስ ቡድን ሲመሠረት ነባሮቹ የማይለቋቸውን ተጫዋቾች ያስቀራሉ፤ አዲሱም እነሱ ካላስቀሯቸው መካከል ይመርጣል። የሕይወታቸው ጸጸትም ከዚሁ መጣ።

በ2017 አባል የነበሩባት የስካርቦሮዋ ቤተ ክርስቲያን በከተማዋ ምዕራብ ኢቶቢኮ ላይ አዲስ አጥቢያ ልትተክል ስትነሣ፣ ማን ይሂድ ማን ይቅር የሚለው ሽማግሌዎቹን አጨቃጨቀ። አንዱ ሽማግሌ አቶ እዝራ ነበሩና «በሆኪው ሕግ እንጨርሰው» አሉ። ተሳቀ፤ ግን ጸደቀ። የመዘምራኑ ነገር ለእሳቸው ተሰጠ፤ ድምፁ ያማረውን ሁሉ አስቀሩ። ከመዘምራኑ አንዱ የነበሩት አቶ ሙሉነህ ድምፃቸው ትልቅ፣ ዜማቸው ግን የግላቸው ስለሆነ ከሚቀሩት አልገቡም። «ሙሌ ወንድሜ ነው፤ አይከፋውም» ብለው ነበር። ስማቸው ከሚሄዱት ጋር ከመድረክ ሲነበብ አቶ ሙሉነህ ብድግ ብለው ወጡ። ከዚያ ወዲህ አቶ እዝራ ኮል ቢያደርጉላቸው ስልኩን አያነሱም ነበር።

ወ/ሮ እንቁ «አንተ ሰውዬ፣ በረዶው ጭንቅላትህ ገባ እንዴ? ሰው እንደ ተጫዋች ይታደላል?» አሏቸው።

በዓመቱ አዲሱ የላስ ቬጋስ ቡድን ገና በመጀመሪያ ዓመቱ ለፍጻሜ ደረሰ። ዕድሜ ልካቸውን የጠበቁት ቀን ነውና ጎረቤት ሁሉ ቤታቸው ተሰበሰበ። አቶ እዝራ ግን ጨዋታው ሳይጋመስ ቴሌቪዥኑን አጠፉት። «እነዚህ ሁሉ'ኮ ቤታቸው አታስፈልጉንም ያላቸው ሰዎች ናቸው» አሉ። ስያትል ሊጉን ስትቀላቀልም ቃል አልተነፈሱም። አንዳንድ እሑድ በአውቶቡስ አቶ ሙሉነህ ወዳሉበት አጥቢያ ኢቶቢኮ ድረስ ሄደው የኋላ ወንበር ላይ ይቀመጡና ሰው ሳያያቸው ይወጣሉ። ለባለቤታቸው «የሥራ ጉዳይ ነው» ይሉ ነበር፤ ጡረታ ከወጡም በኋላ።

ባለፈው መኸር የቆሽት ካንሰር ተገኘባቸው። ይህን የሰሙት አቶ ሙሉነህ ሆስፒታል መጡ።

«ሙሌ፣ በድዬሃለሁ» አሏቸው አቶ እዝራ።

«ስለላክኸኝ አይደለም የተቀየምኩት፤ ኢቶቢኮ ሲኦል አይደለም። ራስህን ግን አስቀረህ። እንሂድ ብትለኝ እኮ በእግሬም እሄድ ነበር።»

አቶ እዝራ በማግሥቱ የስካርቦሮ ሽማግሌዎችን አስጠርተው «ልቀቁኝ» አሉ። ዛሬ በመንገድ መጨናነቅ ተሰቃይታችሁ የመጣችሁና ሽኝቱ ለምን ኢቶቢኮ ሆነ ብላችሁ ያጉረመረማችሁ የስካርቦሮ ሰዎች፣ ምክንያቱ ይኸው ነው። አቶ እዝራ የዚህች አጥቢያ አባል ሆነው፣ አቶ ሙሉነህ በተሽከርካሪ ወንበር እየገፏቸው መጡ፤ ጉባኤውንም እስከ መጨረሻው ተካፈሉ። ይቅር ተባልኩ አላሉም። ማታ ለወ/ሮ እንቁ «አጠገቤ ተቀመጠ» ብቻ አሏቸው።

በሕክምናና በጸሎት ሲረዱ ቆይተው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2026 በ67 ዓመታቸው ወደ ጌታቸው ሄዱ። ባለቤታቸው ወ/ሮ እንቁ፣ ልጆቻቸው ፌበንና ያፌት፣ እንዲሁም ቤተሰቡ ከወንድም ቆጥሮ ስማቸው እዚህ እንዲነበብ የጠየቀላቸው አቶ ሙሉነህ ሐዘንተኞች ናቸው።

ከልጆቹ አንዱን እንኳ ለሌላ አሳልፎ የማይሰጥ አምላክ ነፍሳቸውን በቤቱ ያስቀርልን፤ ለቀረነውም አንዳችን ሌላችንን የማንለቅበት ልብ ይስጠን። አሜን።