የወለተ ጉም እግር

ኅዳር 4 ቀን 2004፣ ሰኞ፣ ደባርቅ

ቁልፍ ስሰጥ፣ መታወቂያ ስመዘግብ ዋልኩ። እግሬ አብጧል። ደብተሬ፣ መጡ! ሁለት ሚኒባስ፣ አንድ አይሱዙ ሙሉ ዕቃ። ሆቴሉ ጢም አለ። የሆቴሉ ባለቤት እትዬ ዘውዴ ደስታዋን መደበቅ አቅቷት ወጥ ቤትና በር መሀል ትመላለሳለች። እኔ እንግዳ መቀበያው ጀርባ ቆሜ አንድ በአንድ አየኋቸው።

ከልጅነቴ የምወደውን የእኔን መጽሐፍ ፊልም ሊያደርጉት ነው። በሬዲዮ ከሰማሁ ጀምሮ ይህን ቀን ስጠብቅ ነበር፤ አንተ ታውቃለህ። ታዲያ ዛሬ ለምን ደስ አላለኝም?

ዳይሬክተሩ የእንግዳ መዝገቡ ላይ ሲፈርም መጽሐፉን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። አዲስ ነው። ጀርባው እንኳ አልተሰበረም። የእኔ ተበታትኖ በፕላስተር ነው የተያዘው። ይህ ሰውዬ አላነበበውም።

ኅዳር 6፣ ረቡዕ፣ ጠዋት

የመጽሐፉን ባለታሪክ ወለተ ጉምን ሆና የምትሠራዋን አየኋት። ሜሮን ትባላለች። ቆንጆ። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወጣች።

ወለተ ጉም ግራ እግሯ አጭር ነው። ጉሙን እንደ መንጋ ከገደል ገደል እየነዳች፣ መንደሮቹን ከድንጋዩ ንጉሥ ዓይን የምትሰውራቸው እያነከሰች ነው። መጽሐፉ ሲያልቅም እግሯ አይድንም። ማንም አያድናትም፤ እሷም አድኑኝ አትልም።

እማየ እኔን ያላዞረችበት ጸበል የለም። ሐኪሙ ፖሊዮ ነው ቢላትም አልተወችም። በተመለስን ቁጥር ጎረቤቱ ፊቴን ሳይሆን እግሬን ነበር የሚያየው። መጽሐፉን ዘጠነኛ ክፍል ሆኜ አገኘሁት። አሁን ትድናለች፣ አሁን ትድናለች እያልኩ እስከ መጨረሻው አነበብኩ። አልዳነችም። አለቀስኩ። ከደስታ።

ማታ። መላኩ ለቡድኑ አስጎብኚ ሆኖ ተቀጥሯል። አብሮ አደጌ ነው፤ አይዋሸኝም ብዬ በፊልሙ እግሯ ይድን እንደሆነ ጠየቅኩት። እግሯ እንዳለ ነው፣ ሚካኤልን፣ አለኝ። ደግሞ ማለ። መ. መሐላ ሲያበዛ አላምነውም።

ኅዳር 9፣ ቅዳሜ

ይህቺ ሜሮን ምን ፈልጋ ነው? ፎጣ አምጪልኝ። አመጣሁ። ሳሙና። አመጣሁ። ሻማ። መብራት ሳይጠፋ ሻማ! በተነሳሁ ቁጥር ዓይኗ ከወገቤ በታች ነው።

ከሰዓት አንሶላ ይዤ ፎቁ ላይ ስወጣ ኮሪደሩ ላይ አገኘኋት። ጀርባዋን ሰጥታኛለች። ትራመዳለች። ትከሻዋ ይወርዳል፣ ዳሌዋ ይሰበራል፣ እጇ ጭኗን ይደግፋል። እኔን ናት። የእኔን አረማመድ ለብሳለች።

"ምን እያደረግሽ ነው?" አልኳት።

ክው አለች። "ልጠይቅሽ ፈርቼ ነው" አለች።

"ከመስረቅ መጠየቅ ይበልጥ ያስፈራል?"

አንሶላውን እዚያው ጥዬ ወረድኩ። ሌላ ሰው ያንጥፍላት።

ኅዳር 10፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ይቅርታ አለች፤ ዓይኗ ቀልቷል። ተኝታ ስላልጠገበች ይሁን፣ አልቅሳ ይሁን፣ ተዋናይ ናትና ማን ያውቃል። ሆኖም ገባን፣ ተቀመጥን። ስታነክስ ፊቷን እንደምታኮማትር ነገርኳት። አያመኝም እኮ። እየሄድኩ ነው፣ በቃ። ልብ ብላ ሰማችኝ። ወደድኳት መሰለኝ።

ከዚያ ጠየቅኳት። መጨረሻው ላይ እግሯ ይድናል?

ወደ መስኮቱ ዞረች። "እሱን ዳይሬክተሩን ጠይቂው" አለች።

ገባኝ።

ኅዳር 12፣ ማክሰኞ፣ ሚካኤል

ረዳት ዳይሬክተሩ መጣ። ፈገግታው አላማረኝም። ተራራው ላይ፣ ጨነቅ በሚባለው ቦታ የመጨረሻውን ትዕይንት ይቀርጻሉ። ጉሙ በሕሙማኑ ላይ ያልፋል፤ ሁሉም ምርኩዙን ጥሎ ይሮጣል፤ ወለተ ጉም ፊት ፊት ትሮጣለች። የእውነት የሚያነክስ ሰው ስለሚያስፈልጋቸው መ. ስሜን ሰጥቷቸዋል!

መሮጥ አልችልም አልኩት። ችግር የለም አለ፤ በአንቺ ቦታ የምትሮጠው ሌላ ልጅ ናት፣ ከኋላ ትቀረጻለች። አንቺ ምርኩዝሽን ብቻ ትጥያለሽ።

"እኔ ምርኩዝ ይዤ አላውቅም።"

"እንሰጥሻለን" አለኝ።

መ. በረንዳው ላይ ነበር። ያልወጣኝ ቃል የለም። ይህን መጽሐፍ ዕድሜሽን ሙሉ ስትወጅው ኖረሽ፣ ደስ የሚልሽ መስሎኝ ነው አለ። እኔም ማታ ለእማየ ነገርኳት። እልል ልትል ምንም አልቀራት። በፊልምም ቢሆን ስትሮጪ ልይሽ አለችኝ። እንጀራውን ትቼ ተነሳሁ።

እሄዳለሁ። እዚያ ደርሼ ምን እንደማደርግ ግን አላውቅም።

ኅዳር 14፣ ሐሙስ

አሁን ገባሁ። አቧራዬን እንኳ ሳላራግፍ ነው የምጽፈው።

ጨነቅ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የተላጠ፣ ያማረ ምርኩዝ ሰጡኝ። ዳይሬክተሩ ጋ ሄድኩ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ መጽሐፉ ላይ እግሯ አይድንም።"

"እህቴ፣ ሰው ከሲኒማ ቤት ተስፋ ይዞ መውጣት አለበት።"

"እኔ ተስፋ ያገኘሁት እሷ ስላልዳነች ነው።"

ፀሐይዋን አየና ተነሱ አለ።

በጭስ የሚሠሩትን ጉም አዘጋጅተው ሳሉ እውነተኛው ጉም ከገደሉ ሥር ተነሳ። ሁሉም ተራወጠ። ቅረጹ! ምርኩዞቹ ተወረወሩ። እኔ የእኔን አልጣልኩም። ይዤው በመሀላቸው ሄድኩ፣ በራሴ አረማመድ፣ ሳልቸኩል። ሜሮን መሮጥ ነበረባት። ዞር ብላ አየችኝ። ቆመች። ከዚያ እያነከሰች መጥታ ጎኔ ገባች። ፊቷን አላኮማተረችም። ጉሙ ዋጠን።

አቁሙ ያለ አልነበረም።

ከዚያ ዳይሬክተሩ ጮኸ፦ እንደገና! እንደተጻፈው! እኔ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ፤ አልሠራም አልኩ። በእኔ ቦታ ያቺ ልጅ ሮጠች። ሜሮንም ሮጠች። ስትሮጥ ታምራለች፣ አልዋሽህም።

ኅዳር 16፣ ቅዳሜ

ሄዱ። ሜሮን ስትሰናበተኝ አንገቴን አቅፋ ቆየች። የትኛው ቀረጻ ፊልሙ ውስጥ ይገባል አልኳት። ምርጫው የዳይሬክተሩ ነው፣ እኔም እንዳንቺው ገና አያለሁ አለች። ጨነቅ ላይ አብራኝ ያነከሰችው አምናበት ነው፣ ወይስ እኔን ለማባበል? አሁንም እጠራጠራለሁ።

ፊልሙ ለፋሲካ ጎንደር ይታያል ተብሏል። መ. ማምሻውን አንገቱን ደፍቶ መጣ። እኔ ቀድሜ አይቼ ልንገርሽ፤ ከዳነች አትሄጂም፣ አትቃጠዪም አለ። ከልቡ ነው። ቢሆንም እምቢ አልኩት። እኔ ራሴ አያለሁ። እትዬ ዘውዴን ፈቃድ ጠየቅኳት፤ ከአሁኑ? ብላ ሳቀችብኝ፣ ግን እሺ አለች።

እማየን ይዣት እሄዳለሁ። ዛሬ ነገርኳት። ሲኒማ ቤት ገብታ አታውቅም፤ ነጠላዋን ከአሁኑ አጥባ አሰጣችው። ጎን ለጎን እንቀመጣለን፤ እሷ ወለተ ጉም እንድትድን እየጸለየች፣ እኔ እንዳትድን።