ጥያቄ የሚያበዛው መጽሔት

የእህቴ ልጅ፣

ምሳሽ ምድጃው ላይ ነው፤ አሙቂው። እኔ ልጄ ቤት ሄጃለሁ።
የኮምፒውተርሽን ቻርጀር ይዤዋለሁ፤ ቤቱን እያመስሽ አትፈልጊው። ይህን ሳታነቢ ጥናትሽን ለኅትመት እንዳትልኪው ብዬ ነው።

በሁለት ቀን «ድንቅ ነው፣ እናትመዋለን» ያለሽ መጽሔት አላነበበውም። አንቺ ስለ ጨቅላ እትብት ጻፍሽ፣ እሱ ስለ ልብ ሕመም አመሰገነሽ። አንቺ ደግሞ «የእጅ ስሕተት ነው አክስቴ» ብለሽ ሳቅሽ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ነው፤ ሳያይ የሚያሞግስን ግን ድሮም አውቀዋለሁ።

ያኛው መጽሔት ሃያ ጥያቄ የላከብሽ ስላነበበሽ ነው። «ንቆሻል፣ ተዪው» ያልኩሽ እኔ ነኝ።

ዘጠነኛውን ጥያቄ ስታነቢልኝ ሰምቻለሁ። «የልምድ አዋላጆቹ እትብቱ ላይ ምንም እንደማይቀቡ በምን ተረጋገጠ?» ይላል። የተረጋገጠው በእኔ ቃል ነው።

ዘይት እቀባ ነበር።
አብረውኝ የሚያዋልዱት ጓደኞቼም ይቀቡ ነበር፤ ዝም በሉ ያልኳቸው እኔ ነኝ።

ጥናትሽን አርሚና ለጠያቂው ላኪው። ስሜን ደብቂ ያልኩሽን ትቼዋለሁ፣ ጻፊው።

ስመለስ ስንት ሕፃን እንደታመመብኝ አትጠይቂኝ። እኔ ራሴ ቁጭ ብዬ እነግርሻለሁ።

አክስትሽ