አንድ ኩንታል «ጥሬ» ያሳሸገው ዘር ገብስ

ሰኔ 11 ቀን፣ አዘዞ። የዛሬ ጠዋት፦ የተሸጠ የለም፤ የተገዛ የለም። በታሸገው መጋዘኔ በር ላይ ከዳባት የመጡ አምስት ገበሬዎች ቆመዋል። ሌሊቱን ዘንቧል።

ለክቡር የጥንታዊ አኗኗር ሥልጠና አስተባባሪ፣

ከወለቃ በላይ በተተከለው ካምፕ ውስጥ፣ የመጀመሪያዎቹ የሰው ልጆች እንደኖሩት እሳት ሳይነድድ፣ ጨውና እህል ሳይቀመስ ሠልጣኞችዎን እየመሩ ላሉት ለክቡርነትዎ ከሁሉ አስቀድሜ ጤና እመኛለሁ፤ በተለይም ለሆድዎ። እኔ የእህል ነጋዴዋ የትነበርሽ፣ በጓዳ ማመልከቻ ሰሚ ባጣ ጊዜ በአደባባይ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ በትሕትና እለምናለሁ።

አንደኛ። ከጽሕፈት ቤትዎ የደረሰኝ ትእዛዝ «ለሠልጣኞች ቀለብ የሚሆን አንድ ኩንታል ጥሬ በአስቸኳይ ይቅረብ» ይላል። ክቡርነትዎ ያልበሰለ ሥጋ፣ ሥራሥርና ቅጠል ማለትዎ እንደነበረ አሁን ተረድቻለሁ። እኔ ግን ባሕታዊ ጥሬ ቆርጥሞ በሚኖርበት አገር ስላደግሁ፣ ጥሬ ሲባል የሚታየኝ ሽምብራና ባቄላ ነው፤ ጊዜውም የሰኔ ጾም ነውና ሥጋ ይታዘዛል ብዬ አልጠረጠርሁም፤ በኩንታል የሚመዘን ቅጠልም እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ወረቀቱን ያሳየኋቸው ቄስ ወልደ ዮሐንስም «ሱባኤ የገቡ ሰዎች ይሆናሉ፤ ሸጋ ሸጋውን ምረጭና ላኪ፣ በረከት ታገኛለሽ» አሉኝ። መርጬ ላክሁ። በረከቱም በማግስቱ ደረሰኝ፤ «የተከለከለ እህል አስገብታ ዓላማውን አደናቅፋለች» ተብሎ መጋዘኔ ታሸገ። ለፍጥነትዎ ከልብ አመሰግናለሁ። የውሃ ቧንቧ ለዓመታት የጠበቀ ሰፈር፣ ማሸጊያ ባንድ ቀን ሲደርሰው ማየት ትልቅ እድገት ነው።

ሁለተኛ። የታሸገው የእኔ ሸቀጥ ብቻ ቢሆን ዝም ባልሁ ነበር። ነገር ግን እዚያ ውስጥ የዳባቱ ገበሬ አያ አለነና አራቱ ጎረቤቶቻቸው፣ ነቀዝ እንዳይበላባቸው እኔ ዘንድ ያስቀመጡት ዘር ገብስ አለ። መሬታቸው ታርሶ፣ ዝናብ ጠጥቶ ይጠብቃቸዋል። ከመጋዘኑ ጣሪያ ደግሞ አንድ ቆርቆሮ ነፋስ ነቅሎታል፤ ዘሩ ከረጠበ እዚያው ጆንያው ውስጥ ይበቅላል፣ ያ ደግሞ ለጠላ ብቅል እንጂ ለእርሻ አይሆንም። ይህንኑ ልናመለክት ብንመጣ ጸሐፊዎ «የጥንት ሰው ቆርቆሮ ነበረው እንዴ?» ብለው ሳቁብን። አያ አለነ «ምነው ልጄ፣ ማሸጊያስ ነበረው?» አሏቸው። ሳቁ ቆመና «አለቃ ከካምፕ እስኪወርዱ ጠብቁ» ተባልን። ክቡርነትዎ የሚወርዱት በሐምሌ መጨረሻ ነው። ያን ጊዜ የተዘራ ገብስ ደጋ ላይ ሳያፈራ ውርጭ ያገኘዋል።

ሦስተኛ። ለማስረጃ የተያዘው ሽምብራ በየቀኑ እየጎደለ መሆኑን የካምፑ ዘበኛ ነግሮኛል። ማን እንደሚቆረጥመው አልጠየቅሁም። ጥርሱን ያበርታለት።

ክቡር ሆይ፣ ቅጣት ካለ በስሜ ይጻፉት፤ ሱቄንም እስከፈለጉ ድረስ ይዝጉት። ዘሩን ግን ዛሬ ይልቀቁልን። አለበለዚያ እነዚህ አምስት ቤተሰቦች ሳይመዘገቡ ሠልጣኞችዎ ሊሆኑ ነው። በመጪው ዓመት ሥራሥር ይቆፍራሉ፣ ቅጠል ይለቅማሉ፤ የእርስዎ ሠልጣኞች ግን ያን ጊዜ ቤታቸው ገብተው ምሳ በልተዋል።

ለከበረ ወንበርዎ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ከማሸጊያዎ ግን ዐይኔን ሳልነቅል፣

አክባሪዎ የትነበርሽ፣
የእህል ነጋዴ፣ አዘዞ

ይህን ጽፌ ከፈረምሁ በኋላ፦ አያ አለነ በበሩ ሥር እንጨት አስገብተው ከጆንያው ቆስቁሰው ያወጡትን ገብስ በመዳፋቸው ይዘው መጡ። ነጭ ጫፍ አውጥቷል። ጥቂቱን ከደብዳቤው ጋር ልኬልዎታለሁ፤ በደንብ አኝከው ይዋጡት።

የነገ ሥራ፦ በመጀመሪያው ሚኒባስ ዳባት መሄድ፤ ዘር ገብስ የሚያበድር ሰው መፈለግ።