ፊቱ የተለወጠው ሴኮዬ

ለዚያ ተንኮለኛ ሰዓት ሠሪ ወንድሜ፣

ሰላምታው ይቆየን፤ መጀመሪያ ክስ አለብህ። ልጆቼ እየሳቁብኝ አሮጌ ሴኮ ሰዓቴን ለኤግዚቢሽን ይዤ መምጣቴን ታውቃለህ። አዳራሹ ያንተን ሱቅ አሥሩን ይውጣል፤ ጠረጴዛው ሁሉ የጃፓን አሮጌ ሰዓት ነው። አንዱ መርማሪ ጎረምሳ ክዳኑን ከፍቶ፣ የጀርባውን ቁጥር ከፊቱ ግርጌ ካለችው ደቃቅ ቁጥር ጋር አስተያየና፣ “አባባ፣ ይሄ ፊት የራሱ አይደለም፤ ከሌላ ሰዓት የመጣ ነው” አለኝ።

“ጥርሴም የራሴ አይደለም፤ እያኘክሁበት ነው” አልኩት።

ግን ነገሩ ገባኝ። ከብዙ ዓመት በፊት ሟች ባለቤቴ ሸሚዜን ኪሱ ውስጥ ከነበረው ሰዓት ጋር ዘፍዝፋው፣ “ምንም አልሆነም፤ ሰዓት ሠሪው አድርቆ ሰጠኝ” ብላኝ ነበር። ካንተ በቀር የከፈተው ሰው የለም። ሁለታችሁ ተመሳጥራችሁ ውሃ ያበላሸውን ፊት ለውጣችሁ፣ ይህን ሁሉ ዘመን የሌላ ሰዓት ፊት ስታሳዩኝ ኖራችኋል።

ጎረምሳው ከመሳቢያው ትክክለኛውን ፊት አወጣና፣ “ልግጠምልዎ፤ አለበለዚያ ለእይታ አይቀርብም” አለኝ።

“አይቅረብ። ይሄንን ያስገጠመችው ሚስቴ ናት፤ እጅህን ሰብስብ” አልኩት። ከዚያ እጅጌዬን ጠቅልዬ፣ በጠረጴዛዎቹ መሃል ለሁሉም እያሳየሁት ወጣሁ።

ከሞተች ወዲህ ስለ እሷ አዲስ ነገር ስሰማ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። እመቤትህንና ልጆቹን ሳምልኝ፤ ወገብህን ከብርድ ጠብቅ። ያን ቀን ሚስቴ ምን ብላ እንደለመነችህ ቃል በቃል ትነግረኛለህ። ከራስህ እንዳትጨምር፤ አነጋገሯን አውቀዋለሁ።