ባትሪ ላይ የተለጠፈ መታወቂያ

ለእሳትና ድንገተኛ አደጋ መሥሪያ ቤት ዋና ሥራ አስኪያጅ
ቀን፦ 14/5/16

ጉዳዩ፦ የሬዲዮዎቹ መለያ ቁጥሮች ሳይነበቡ የተሰጠብኝ የስንብት ውሳኔ እንዲታገድ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. በሬዲዮ ዕቃ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ስለ ሬዲዮ የማውቀውን የተማርኩት ከካርቶን ጋር ከተጣሉ የመመሪያ ወረቀቶች ነው። የጣሏቸው የመገናኛ ክፍል ኃላፊው ናቸው፤ ዲግሪያቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

2. እያንዳንዱ ሬዲዮ ሁለት ቁጥር አለው። አንዱን የሚሰጠው አምራቹ ነው፦ የመጀመሪያዎቹ አሃዞች ሞዴሉን፣ ቀጣዮቹ የተገጣጠመበትን ፋብሪካ፣ የመጨረሻዎቹ የራሱን ተራ ይናገራሉ። ይህ ቁጥር ከአንድ ሬዲዮ በቀር ሌላ ላይ አይገኝም። ሁለተኛውን እኛ በኮምፒውተር እንጭንበታለን፤ በመቆጣጠሪያ ክፍሉ ስክሪን ላይ የሚታየው እሱ ነው። እኔ ሁለቱን ጎን ለጎን መዝግቤ፣ የእኛን ቁጥር በሬዲዮው ጀርባ ለጥፌ ነበር።

3. አምና ጎብኚዎች ሊመጡ ሲሉ ኃላፊው "ይሄ ወረቀት መልኩን አበላሸው" ብለው ቁጥሩ ባትሪው ላይ እንዲለጠፍ በደብዳቤ አዘዙ። ባትሪ በየፈረቃው ወልቆ ቻርጅ እንደሚደረግ፣ ሠራተኛውም ያገኘውን ሙሉ ባትሪ ገጥሞ እንደሚሄድ ነገርኳቸው። የሰውን ስም ትቶ በለበሰው ኮት እንደ መጥራት ነው አልኩ። "አንቺ ሴትዮ፣ መደርደሪያሽን ጥረጊ" አሉኝ። ጠረግሁ። በትእዛዛቸውም የባትሪውን ቁጥር እየመዘገብኩ ሬዲዮዎቹን አስረከብኩ።

4. በቅርቡ በደረሰው የመጋዘን ቃጠሎ ዕለት አንድ እሳት አጥፊ ጭስ ውስጥ ተይዞ የአደጋ ጥሪውን ቀይ ቁልፍ ተጫነ። ስክሪኑ በእጁ የነበረውን ሬዲዮ ቁጥር፣ 19ን፣ አሳየ። በመዝገቡ 19 ቁጥር ባትሪ የተሰጠው ግን ሌላ ጣቢያ ላለ ሹፌር ነው። የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ተረኛ ለሹፌሩ ደወለች፤ ንግግሩ ተቀድቷል።

"ምን ሆንክ?"
"ምን እሆናለሁ እቴ? ሻይ እየጠጣሁ ነው።"
"ታዲያ ቀዩን ምን አስነካህ?"
"ማን ነካው?"

ተሳሳቁና ስልኩ ተዘጋ። እሳት አጥፊው ከሃያ ሁለት ደቂቃ በኋላ ራሱ መስኮት ሰብሮ ወጣ። ሁለቱም እጆቹ ተቃጥለዋል።

5. አጣሪ ኮሚቴው "ሬዲዮ አቀያይራ ሰጥታለች" ብሎ ከዓርብ ጀምሮ እንድሰናበት ወሰነ። አንድም አባል ሬዲዮ አንስቶ አላየም። ሰብሳቢው ኃላፊው ነበሩ። ራሳቸውን መርምረው ነጻ ማውጣታቸው አላስገረመኝም፤ የገረመኝ ለዚህ ግማሽ ሰዓት መፍጀታቸው ነው።

6. አሁን ደግሞ ሐሙስ ዕለት በሠላሳ ሁለቱም ሬዲዮ ላይ አዲስ ቁጥር እንዲጫን አዘዋል። ያኔ የቃጠሎው ዕለት ቁጥር ይጠፋል፤ ማስረጃዬም አብሮት ይጠፋል።

ስለዚህ የቁጥር ጭነቱ እንዲቆም፣ የእያንዳንዱ ሬዲዮ ሁለት ቁጥር ኃላፊው በሌሉበት ተነቦ ቅጂውን ካያያዝኩት አሮጌ መዝገብ ጋር እንዲመሳከር፣ እስከዚያም ስንብቴ እንዲታገድ እጠይቃለሁ።

ይህ እስኪሆን ግን አንድ ነገር ይወቁልኝ። ሥራውን ከእኔ እየተረከበ ያለው ሰው ዛሬ ጠዋት አሥራ አንድ ሰዎችን በባትሪ ቁጥር መዝግቦ አሰማርቷል። ከእነሱ አንዱ ዛሬ ለእርዳታ ቢጣራ ማን እንደሆነ እኔ አላውቅም፤ እርስዎም አያውቁም።

ለቢሮዎ ከሚገባው ሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
የሬዲዮ ዕቃ ቤት ሠራተኛ፣ እስከ ዓርብ