ፊቢ ከሞተች በኋላ የተጻፉ መልሶች

በርንሊ፣ መጋቢት 29 ቀን 1886

ውድ ፊቢ፣

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልኝ ፖስተኛ እንደሌለ አውቃለሁ። የምጽፈው በየቀኑ የንግድ ማስታወሻዬን በምይዝበት ደብተር ላይ ነው። ካንቺ ጋር ያደረግነውን፣ ካንቺ በኋላም ብቻዬን ያደረግኩትን ሁሉ ያሰፈርኩት እዚሁ ስለሆነ፣ ልዋሽሽ ብፈልግ እንኳ የቀደሙት ገጾች ይመሰክሩብኛል። ቶሎ የማለቅስ ሴት እንዳልሆንኩ ታውቂያለሽ። ስለዚህ የሆነውን እንደ አካሄዱ እነግርሻለሁ።

አምና በሚያዝያ ከልብስ ማጠቢያው ቤት በቀጥታ ወደ መድኃኒት ሱቄ መጣሽ። ጣቶችሽ ገና ከውሃው እንደተጨማደዱ ነበሩ። አንድ ወረቀት ባንኮኒው ላይ አስቀመጥሽና "የምስጋና ቃል ትሰበስቢያለሽ አሉ፤ እንቺ የኔንም" አልሽኝ። ወረቀቱ ስለ እኔ ሽሮፕ እንዲህ ይላል፦ "የወይዘሮ ኦርምሮድን የደረት ሽሮፕ ሦስት ጠርሙስ ጠጣሁ። ሳሌ ቀለል አለልኝ፣ እንቅልፍም ወሰደኝ። ደግሞም አየሩ ሞቀ።"

"ደግሞም አየሩ ሞቀ" የሚለውን ሰረዝኩት። "ሐኪሞች ተስፋ ቆርጠውብኝ ነበር" የሚል ጨመርኩበት። አንብበሽ ሳቅሽ።

"የትኛው ሐኪም ነው እሱ? እኔን ያየኝ ሐኪም የለም እኮ!"

"ታዲያ ተስፋ ያልቆረጠብሽም የለማ" አልኩሽ።

በሁለተኛው ሳምንት መልክሽ በእንጨት ተቀርጾ በጋዜጣ ወጣ። ከሥሩ ቃልሽ፣ ከቃልሽ ሥር ደግሞ የቤትሽ አድራሻ፦ "የሚጠራጠር ካለ ደጇ ድረስ ሄዶ ራሷን ይጠይቃት። ሩቅ ያለ ቴምብር አያይዞ ይጻፍላት።" እኛ መድኃኒት ሻጮች ከዚህ የሚበልጥ ማስታወቂያ አናውቅም። ሰው ሐኪምን ይፈራል፤ ልብስ አጣቢን ግን ያምናል። አንቺ ጋዜጣውን ወደ መስኮቱ ይዘሽ ሄድሽና "አፍንጫዬን ማን ወሰደው? ይሄ የሎርድ ሚስት አፍንጫ ነው! ነገ ተነገ ወዲያ እጠቢልን ብለው የሐር ልብስ ያመጡብኛል" ብለሽ ጮኽሽ።

ሰዎች እውነትም መጡ። ከኔልሰንና ከአክሪንግተን ከተሞች እሑድ እሑድ በእግራቸው ይመጡ ነበር። ከሰል ነጋዴው ሳይቀር ሚስቱን ይዞ መጣ። አንቺም ፊትሽን ታጥበሽ ንጹሕ ሽርጥ ታጥቀሽ በሩ ላይ ትቆሚያለሽ። ደስ ይልሽ እንደነበር አውቃለሁ። ዕድሜሽን ሙሉ የሰው አንሶላ ስታጥቢ ሐሳብሽን የጠየቀሽ አልነበረም።

ሽሮፑ ውስጥ ያለውን ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ሞላሰስ ነው፣ እንስላል፣ ሆምጣጤ፣ ጥቂትም የሚያደነዝዝ የኦፒየም ጠብታ። ሳልን ጸጥ ያሰኛል። ደረትን አያድንም። ይህን የማውቀው ከሞትሽ በኋላ አይደለም፤ ያኔም አውቅ ነበር።

በመስከረም ሳሉ ተመለሰብሽ። መሐረብሽን ወደ ጀርባሽ ስትደብቂ አይቻለሁ፤ ያየሁ አልመሰለሽም። በጥቅምት አንድ እሑድ አልጋ ላይ ሆነሽ እኔ ሻይ ይዤልሽ ሳለ በሩ ተንኳኳ። ባልና ሚስት ናቸው። "ተዪው፣ ታማለች እላቸዋለሁ" አልኩሽ፤ ግን ከወንበሬ አልተነሣሁም። አንቺ ተነሣሽ። ሁለቱን ጉንጮችሽን ቆነጠጥሽ፣ ቀሉ። ወርደሽ በሩን ከፈትሽ። "ሦስት ጠርሙስ ብቻ! አሁን ይኸው ከበሮ ብትሰጡኝ ደረቴ ላይ እመታዋለሁ" ስትያቸው፣ ሲስቁም ሰማሁ። ስትመለሺ ደረጃው መካከል ቁጭ አልሽ። ትንፋሽ አጣሽ።

"እንዴት ነበርኩ?" አልሽኝ።

"ደህና ነበርሽ።"

ይህን ያልኩሽን ቃል የዚያን ዕለት ጽፌዋለሁ፤ እዚህ ደብተር ላይ አለ።

ከዚያ የባሰ ደግሞ አለ። ለማንቸስተሩ ሆስፒታል በየዓመቱ መዋጮ ስለምሰጥ፣ በዓመት ሁለት በሽተኞችን ፈርሜ የማስገባት መብት ነበረኝ። ሁለቱም ወረቀቶች መሳቢያዬ ውስጥ ነበሩ። ስምሽን መጻፍ ብቻ ነበር የቀረኝ። አንድ ቀን ባንኮኒውን ተደግፈሽ "ኬዝያ፣ እኔም ሆስፒታል ብሄድስ?" አልሽኝ።

"ሰው ቢያይሽስ?" አልኩሽ።

ባንኮኒውን ለቀሽ "እሱስ ልክ ነሽ" አልሽ። ዳግመኛ አላነሣሽብኝም። ኅዳር 9 ቀን ሞትሽ። ምን ገደላት ብሎ ለጠየቀኝ ሁሉ ልቧ ነው አልኩ።

ማስታወቂያው ግን ለዓመት የተዋዋልኩት ነበርና ሳምንት ሳምንት መውጣቱን ቀጠለ። አስቁሙልኝ ማለት እችል ነበር፤ አላልኩም። ክረምቱ በረዶ ስለነበረ ደጅሽን የሚያንኳኳ አልነበረም። ደብዳቤዎቹ ግን ይመጡ ነበር። ፖስተኛውን የፊቢን ደብዳቤ ወደ እኔ አምጣልኝ አልኩት። ትዝ ይልሻል፣ እጅሽ መጻፍ ሲያስቸግረው አንቺ እየነገርሽኝ እኔ ነበርኩ የምጽፍልሽ። የእጅ ጽሑፉ ያው ስለሆነ ካንቺ ሞት ወዲህ የጎደለው የምትነግረኝ ሴት ብቻ ነበረች። አርባ አንድ ሰው ጻፈልሽ። ለአርባ አንዱም "በርቱ፣ ጠርሙሱን ጨርሱ፣ እኔም እንደ እናንተ ነበርኩ፣ ፊቢ" ብዬ መለስኩ። እንደማንኛውም ሥራ ጠዋት ጠዋት ነበር የምሠራው።

በጥር መጀመሪያ ደግሞ ከነዚህ ሌላ ከክሊዘሮ ከተማ አንድ ደብዳቤ መጣ። የጻፈችው ሰሊና ሃልስቴድ የምትባል እናት ናት። ኤፊ የምትባል የሰባት ዓመት ልጇ ደረቷ ውስጥ መግል ቋጥሯል፤ ሐኪሙ ሆስፒታል ገብታ በቢላ ካልተከፈተላት አትተርፍም ብሏል። ባሏ ደግሞ ሆስፒታል የገባ በሣጥን ነው የሚወጣው ብሎ ከልክሏል። መጨረሻው ላይ እንዲህ ይላል፦ "እኅቴ ፊቢ፣ እኔ ሐኪሙንም ባሌንም አላምንም። አንቺ ግን በሽታውን አይተሽዋል። ሽሮፑ ይበቃታል ካልሽኝ ከቤት አላወጣትም። ውሰጃት ካልሽኝ ባሌ ቢገድለኝም እወስዳታለሁ። የምትይኝን ነው የማደርገው።"

ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ እንደ ነጋዴ አሰብኩ። እንደ ሌሎቹ ብመልስላት ልጅቷ ትሞታለች። እውነቱን በራሴ ስም ብጽፍላት ነገሩ ከክሊዘሮ ተነሥቶ ሱቄን ያዘጋል፤ ደግሞ የማታውቃትን ሽሮፕ ሻጭ ለምን ታምናለች? የምትታዘዘው አንቺን ነው። ስለዚህ ባንቺ ስም "ዛሬውኑ ውሰጃት፣ ሽሮፑን ተዪው" ብዬ ጻፍኩ። ላንቺ ያልሰጠሁሽን ወረቀት በልጅቷ ስም ሞላሁ፣ ፈረምኩ፣ አብሬ ላክኩ። ልጅቷም ትተርፋለች፣ ሱቁም አይዘጋም። ያን ቀን ደብተሬ ላይ "ጥሩ ተፈጸመ" ብዬ ጽፌያለሁ።

ያለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ የጎረቤትሽ የአሮጊቷ የሁልዳ ድምፅ ከመንገዱ ተሰማኝ።

"አንቺ ኬዝያ! ነይ ውጪ! ይቺ ሴትዮ ከሟች ጋር ትጻጻፋለች! ሰማይ ቤት ፖስታ ቤት ተከፈተ እንዴ? ከተከፈተ እኔም ባሌን የጓዳውን ቁልፍ የት እንዳደረገው እጠይቀዋለሁ!"

ከኋላዋ አንዲት ቀጭን ሴት ልጇን በእጇ ይዛ ገባች። ልጅቷ አንድ እጇን ጎኗ ላይ አድርጋለች። ሴትየዋ በጨርቅ የተጠቀለለ የዝንጅብል ኬክ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች።

"እርስዎ ነዎት ወይዘሮ ኦርምሮድ?"

"ነኝ።"

"ወይዘሮ ፊቢን ለማመስገን ነበር የመጣነው። እኚህ እናት ግን በኅዳር ተቀብራለች ይሉኛል።" ደብዳቤውን ከደረቷ አወጣች። "እኔ ዘንድ የደረሰው በጥር ነው።"

"ቀኑን ተሳስተሽ ይሆናል አልኳት" አለች ሁልዳ። "እኔ ራሴ ነኝ የገነዝኳት፣ እንዴት እሳሳታለሁ?"

"የሆስፒታሉ ወረቀት ላይ የእርስዎ ፊርማ ነበር" አለች ሴትየዋ፣ ዐይኗን ከእኔ ሳትነቅል። "ያኔም ገርሞኝ ነበር። ሽሮፕ የሚሸጥ ሰው በሽተኛውን ወደ ሆስፒታል ይልካል እንዴ?"

ፊቢ፣ ውሸቱ ምላሴ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። ከመሞቷ በፊት ነግራኝ የጻፍኩት ነው፣ ፖስታው ዘግይቶ ነው ልላት ነበር። ሁለቱም ያምኑኝ ነበር። ልጅቷ ግን እናቷን እጇን ሳብ አድርጋ "እማዬ፣ ፊቢ የቷ ናት? ጠባሳዬን ሳላሳያት?" አለች። መልስ ሳትጠብቅ ሹራቧን ከጎኗ ገለጠችልኝ። ከጎድኗ ሥር ጣት የሚያህል ቀይ ጠባሳ አለ። "አላለቀስኩም" አለችኝ። "ትንሽ ብቻ።"

"የጻፍኩት እኔ ነኝ" አልኩ። "ፊቢ ሞታለች። የሞተችውም በደረቷ ነው። ሽሮፑ አላዳናትም።"

ሁልዳ ባንኮኒውን ያዘች። "ልቧ ነው አላልሽንም?"

"ብያችኋለሁ።"

"እኔ እኮ ለሰፈሩ ሁሉ ልቧ ነው ብዬ..." አልጨረሰችውም።

ወይዘሮ ሃልስቴድ ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። የልጇን ሹራብ ወደ ታች መለሰች። "ልጄን ያተረፉልኝ እርስዎ ነዎት ማለት ነው" አለች። እንደ ምስጋና ቆጠርኩት፤ ትከሻዬ ሲቀለኝ ተሰማኝ። ከዚያ ጠየቀችኝ፦

"የፊቢ መልስ የደረሰኝ እኔ ብቻ ነኝ?"

"አይደሉም።"

"ለሌሎቹስ ምን አሏቸው?"

ዐይኔ ወደ ሽሮፑ መደርደሪያ ሄደ። እሷም ጠርሙሶቹን አየች። ከዚያ ኬኩን አንሥታ ለሁልዳ ሰጠቻት። "ለፊቢ ነበር" አለች፣ "ለጎረቤቷ ይሁን።" ልጇን ይዛ ወጣች።

በዚያው ቀን ወደ ማተሚያ ቤቱ ሄጄ ማስታወቂያውን አስቆምኩ። አታሚው "ወይዘሮ፣ ይቺ ሴትዮ እኮ ምርጥ ሻጭዎ ናት፤ ተጣላችሁ እንዴ?" አለኝ። "ሞታለች" አልኩት። "ታዲያ ምን ችግር አለው፣ ፊቷ እንደሆነ አላረጀም" አለ። ክፋት አልነበረበትም። እኔም እንደዚያው አስብ ነበር። ሽሮፑን ከመደርደሪያው አወረድኩ። ሰዎች አሁን ሱቄ ፊት ሲያልፉ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ሁልዳ ሰላምታ አትሰጠኝም፤ አልፈርድባትም።

አድራሻቸውን ሁሉ ጽፌ ስለያዝኩ አርባ አንዱን ለማግኘት አልተቸገርኩም። እስካሁን ሠላሳ አራቱን ጽፌ ልኬያለሁ። እንዲህ ነው የምለው፦ "ስሜ ኬዝያ ኦርምሮድ ይባላል፤ ሽሮፑን የምሠራው እኔ ነኝ። ፊቢ ክሌግ በኅዳር በደረት በሽታ ሞታለች። በስሟ የመለስኩልዎ እኔ ነኝ። ሽሮፑ ሳልን ያደነዝዛል እንጂ አያድንም። ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።" ይቅርታ አልጠየቅኩም። ይቅርታ መጠየቅ ከእነሱ አንድ ነገር መፈለግ መሰለኝ።

ዛሬ የመጀመሪያው መልስ ደረሰኝ። ከኮልን ከተማ ነው፤ አንድ ሸማኔ ነው የጻፈው። ልገልብጥልሽ፦

"ወይዘሮ ኦርምሮድ፣ ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ሚስቴ ካረፈች ሁለት ሳምንቷ ነው። ሐኪም ላምጣ ስላት 'ፊቢ በርቺ ብላኛለች' እያለች አስቀረችኝ። የፊቢን ደብዳቤ ከትራሷ ሥር ነበር የምታኖረው። አብሯት ይቀበር ስላለች አብረን ቀበርነው። አሁን ምን ልሁን?"

ሌላ የለውም።

መልስ ልጽፍለት ወረቀት አቀረብኩ። ሁለት ጊዜ ጀመርኩ፣ ሁለቱንም ቀደድኩ። አርባ አንድ ጊዜ ያላንቺ ባንቺ አፍ ስናገር ቃል አልቸገረኝም ነበር። ይህን ግን በፖስታ መመለስ አልችልም። የቀሩትን ሰባቱን ዛሬ ሳልጨርስ አልነሣም፤ ነገ በጠዋቱ ባቡር ኮልን እሄዳለሁ። ምን እንደምለው አላውቅም። በሩን ሲከፍትልኝ ስሜን ነግሬው እዚያው እቆማለሁ።

ጓደኛሽ ነበርኩ የምትል፣
ኬዝያ ኦርምሮድ